አልበም ልናወጣ ነው

የእህቴ ልጅ ቡና ሲቆላ ገባና «እማ፣ አልበም ልናወጣ ነው» አላት። እህቴ ወደ ቡፌው ዞር አለች። የሰርጓ አልበም ከነዳንቴሉ እዚያው አለ።

«ለማን ነው የምታወጡት? ባለፈው ወጥቶ ሁለት ፎቶ ጎድሎብኛል። ይቀመጥበት!»

ልጁ የሮክ ባንድ አለው። አራት ናቸው፤ ሁለት ጊታር፣ ቤዝና ድራም። ገርጂ አንድ ግቢ ውስጥ ሰርቪስ ቤት ተከራይተው ግድግዳውን ሙሉ የእንቁላል ትሪ ለጥፈውበታል፤ ድምፅ ያፍናል ብለው። አከራያቸው ትሪው ተጭኖ ሲገባ አይተው፣ ዶሮ ሊያረቡ ነው ብለው ደስ ብሏቸው ነበር።

ደስታው አንድ ቀን ቆየ። ጊታሩን በዲስቶርሽን፣ ማለትም ድምፁን ሆን ብሎ በሚያሻክረው መሣሪያ፣ ሲለቁት ጡረታ የወጡ አንድ ጎረቤት ካቻቢቴ ይዘው መጡ።

«ልጆች፣ ስፒከራችሁ ተቀዷል። አምጡት፣ ገንዘብ አልጠይቃችሁም።»

«አይ ጋሼ፣ ሆን ብለን ነው።»

«ሆን ብላችሁ ነው የቀደዳችሁት?»

ሰውየው ከዚያ ወዲህ ልጆቹን ሲያዩ ከንፈራቸውን ይመጣሉ።

እኔም አንድ ቀን ልምምዳቸውን ልሰማ ሄድኩ። መብራት ባይጠፋ ኖሮ ጆሮዬ አይተርፍም ነበር (ድራሙ ግን መብራት አይፈልግም፣ ቀጠለ)። መብራቱ ሲመጣ ጊታሪስቱ ዓይኑን ጨፍኖ ሶሎ ገባ። ምን ዋጋ አለው፣ ጣቱ ሳያስበው አንቺሆዬ ቅኝት ላይ ወደቀ። ትከሻዬ ብድግ አለ። የእህቴ ልጅ ደነገጠ።

«አጎቴ፣ ይሄ እኮ የብስጭት ዘፈን ነው።»

እንግዲህ ቅኝቱን ይተው እንጂ ትከሻዬን ምን ላድርገው?

ትልቁ ጭቅጭቅ የአልበሙ ስም ላይ ነበር። ጃኖ ባንድ የመጀመሪያ አልበማቸውን «ኤርታሌ» ብለው፣ ያውም ቢል ላስዌል የሚባል አሜሪካዊ ፕሮዲውሰር ሠርቶላቸው፣ ዋናውን እሳተ ገሞራ ቀድመው ይዘውታል። «ዳሎል» ይባል ተባለ። ቤዚስቱ «ዳሎል ከባህር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ነው፣ ሽያጫችንም እዚያ ይወርዳል» ብሎ ተቃወመ። «ፈንታሌ» ሲባል ደግሞ መተሐራ በሚኒባስ የሚደረስበት እሳተ ገሞራ ማንን ያስፈራል ተባለ። መጨረሻ ላይ «ርዕስ አልባ» ብለው ተስማሙ። እህቴ ስትሰማ «ስም ሳይወጣለት?» ብላ አዘነች።

ከዚያ ሽያጭ መጣ። ልጁ የእንግሊዞቹን አርክቲክ መንኪስ ታሪክ በቃሉ ይዞታል። የሼፊልድ ልጆች ናቸው፤ ዝግጅታቸው ላይ ሲዲ በነጻ ሲበትኑ ቆይተው፣ ጥር 2006 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር የመጀመሪያ አልበማቸው ሲወጣ በአንድ ሳምንት ከ360,000 በላይ ተሸጠ። ልጆቹም ከ200 ሲዲ 150ውን በነጻ በተኑ። መበተኑስ ሠርቷል። የተሰጠው ሁሉ ተመልሶ «ለአክስቴ ልጅም አንድ ጨምርልኝ» አላቸው። አንዱ ጓደኛቸው ብቻ ልግዛ ብሎ ብር ቢያወጣ፣ ተቀየሙት። ሰው ከጓደኛው ይገዛል እንዴ? ገንዘቡን መልሰው ሲዲውን ኪሱ ከተቱለት። የቀሩት ሃምሳዎቹም በዚሁ መንገድ አለቁ።

ያሳዘነኝ ግን ሌላ ነው። ከወሰዱት መሀል ሲዲ ማጫወቻ ያለው ሰው አላገኘሁም። «በፍላሽ አድርገህ ስጠኝ» ይላሉ፣ ሲዲውን እንደ መስታወት አዙረው ጥርሳቸውን እያዩበት።

ባለፈው እሁድ እህቴ ቤት ቡና ተጠራን። ሲዲው ቡፌ ውስጥ፣ ከሰርጉ አልበም ጎን፣ የራሱ ዳንቴል ተሠርቶለት ቆሟል። ሁለተኛው ቡና ላይ እህቴ በኩራት አወጣችው። ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። አንዷ ጎረቤት መነጽራቸውን አድርገው የፊቱን ፎቶ ትክ ብለው አዩ።

«ይሄ ጸጉሩን ያላበጠረው የማን ልጅ ነው?»

«የኔ ነው» አለች እህቴ።

ሴትየዋ ገለበጡት። ጀርባውንም አዩ። ከፈቱት፣ መልሰው ዘጉት።

«ይኸው ነው እንዴ? ሌላ ገጽ የለውም?»