ማስተካከያ፦ ፖሊሱን ሌባ ብዬዋለሁ

ስለ ዳይሬክተር ማይክል ማን «ቲፍ» («ሌባ») ፊልም ባለፈው በጻፍኩት ላይ ከባድ ስህተት አለ። ከተዋናዮቹ መካከል ዴኒስ ፋሪና የቀድሞ ሌባ፣ ጆን ሳንቱቺ ደግሞ የቀድሞ ፖሊስ ነው ብዬ ነበር። እውነቱ የዚህ ግልባጭ ነው።

ፋሪና ፊልሙ በ1981 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ገና የቺካጎ ፖሊስ ባልደረባ ነበር። በፖሊስነት 18 ዓመት ገደማ አገልግሏል። በስርቆት ሲተዳደር የኖረው ሳንቱቺ ነው። ፊልሙ ላይ ግን ቦታ ተቀያይረዋል፤ ፖሊሱ የወንበዴው አለቃ ጋሻ ጃግሬ ሆኖ ይተውናል፣ ሌባው ደግሞ ጉቦ የሚጠይቅ መርማሪ። እኔ ሚናቸውን ከሕይወታቸው ጋር አምታታሁት። ያረጋገጥኩት ከዳይሬክተሩ ቃለ ምልልሶችና ፋሪና በ2013 እ.ኤ.አ. ሲሞት ከወጡ የጋዜጣ ዘገባዎች ነው።

በዚህ የተነሳ ሌላም ነገር ተበላሽቷል። ዋናውን ሌባ ሆኖ የሚተውነው ጄምስ ካን ካዝና የሚሰብርበትን ሙያ ያሳየው ፋሪና ነው ብዬ ነበር። የፊልሙ የሙያ አማካሪ ሳንቱቺ ነው። መሣሪያዎቹ የእውነት የሌባ መሣሪያዎች ናቸው፤ ያ ብረት የሚያቀልጠው እሳትም እንደዚያው። ትዕይንቱ እስከ ዛሬ እንዲህ የሚይዘን ለዚህ ይመስለኛል። ካን እጁ ሲሠራ የሚያስመስል ሰው አይመስልም።

ብዙ ዓመታትን በፖሊስነት ያሳለፈን ሰው፣ ያውም በሕይወት የሌለን፣ ሌባ ማለት ቀላል ነገር አይደለም። ቤተሰቡንና አንባቢዎቼን ይቅርታ እጠይቃለሁ። የመጀመሪያውን ጽሑፍ አርሜዋለሁ። ያጋራችሁት ካላችሁ እባካችሁ ይህንንም አጋሩልኝ።