ከመድኃኒቱ ጋር ሰዓቱም ይነገር

ያነበብኩት ጽሑፍ የፓርኪንሰን (እንቅስቃሴን የሚያውክ የአንጎል በሽታ) ሕሙማንን የሚረዳ የበጎ አድራጎት ማኅበር መድኃኒት ማቅረቡን ያወድሳል። ይገባዋል፤ ነገር ግን መድኃኒቱ እጅ ከገባ በኋላ ያለው ጣጣ ተዘሏል። በዚሁ ሕመም የተያዘው አባቴ የሚወስደው ሌቮዶፓ የተባለ መድኃኒት አንጎል ገብቶ ለእንቅስቃሴ ወደሚያስፈልገው ኬሚካል፣ ወደ ዶፓሚን፣ የሚለወጥ ነው፤ ፕሮቲን የበዛበት ምግብ ግን መግቢያውን ይሻማዋል። ለባሕር ዳር ሰው ይህ ማለት የጣና ዓሣ ነው! ከዓሣ ጥብሱ ጋር አብሮ ሲውጠው እግሩ መሬት ላይ እንደተሰፋ ይቀር ነበር። ከምግብ ግማሽ ሰዓት አስቀድሞ እንዲወስድ የነገረችን አንዲት ነርስ እንጂ መድኃኒቱን የሸጠልን ሰው አይደለም። (ዓሣውን ይተው አላለችም፤ ብትልም እሺ የሚል ሰው አይደለም።)

ማኅበሩ እንዲህ ያለውን ለቤተሰብ የሚያስረዳ ባለሙያ እዚህ ቢመድብ ገንዘብ ከማሰባሰብ አያንስም። ታማሚው በር ላይ ደርቆ ሲቆም እጁን ይዞ መጎተት ይጥለዋል። እኛ «አንድ፣ ሁለት» እያልን እንቆጥርለታለን፤ አንዳንዴም እግራችንን ከፊቱ አጋድመን ተሻገር እንለዋለን። ለጎረቤትም ትምህርት ያስፈልጋል፤ አረቄ በአፉ ዞሮ የማያውቀውን ሰው፣ አረማመዱን አይተው፣ ዛሬም «ቀምሰው ነው» ይሉታል።