ጀርመንኛ ስንማር እንግሊዝኛን ምን አገባው?

በርሊን ውስጥ ጀርመንኛ የሚያናግር ሰው ማግኘት ይከብዳል ብል ማን ያምነኛል? ግን እውነት ነው። ካፌ ገብታችሁ በጀርመንኛ ታዛላችሁ። ትንሽ ከተንተባተባችሁ አለቀ፤ መልሱ በእንግሊዝኛ ይመጣል። አንዳንዱ አስተናጋጅማ ጭራሽ ጀርመንኛ አይችልም። ይሄ የእኛ የመጤዎች ወሬ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ2017 (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) በኋላ የጤና ሚኒስትር የሆኑት ዬንስ ሽፓን፣ እንግሊዝኛ ብቻ የሚናገሩ የበርሊን አስተናጋጆች እንደሚያበሳጯቸው ለጋዜጣ ተናግረው ሀገሩን ሁሉ አነጋግረው ነበር።

እኔ እዚህ የምማረው ገርማኒስቲክ ነው። የጀርመን ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ማለት ነው። ከጎኑ ስዊድንኛም ይዣለሁ። ይሄን ለሐበሻ ማስረዳት ራሱን የቻለ ፈተና ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንዲት እናት “ምን እየተማርሽ ነው ልጄ?” ይሉኛል። እነግራቸዋለሁ። “ቋንቋውንማ ሰው ሲኖር ይለምደው የለም እንዴ? ነርስነት አይሻልሽም?” አልፈርድባቸውም። ለአብዛኛው ሰው ጀርመንኛ ማለት ቢ አንድ፣ ቢ ሁለት የሚባል የፈተና ደረጃ ነው። ለቪዛ፣ ለሥራ፣ ለዜግነት የሚቀርብ ወረቀት።

ጠቤ ከእሳቸው ጋር አይደለም። ከእኔው ቢጤ ተማሪዎች ጋር ነው። እንግሊዝኛ ስላለን ጀርመንኛውንም፣ ስዊድንኛውንም፣ የሆላንዱን ደችንም በእሱ በኩል ዞረን ካልሄድን ሞተን እንገኛለን። የሰዋስው መጽሐፉ በእንግሊዝኛ፣ የስልኩ አፕ በእንግሊዝኛ፣ የደብተር ማስታወሻው በእንግሊዝኛ። አማርኛችን ምን ይጠቅመናል ብሎ የሚጠይቅ የለም። ይጠቅማል፣ ያውም በደንብ።

እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ጀርመንኛ ሲማሩ ከሚያማርሩባቸው ነገሮች አንዱን ልንገራችሁ። “ምክንያቱም” ወይም “ምንም እንኳ” የሚል ነገር ሲገባ ግሡ ተነሥቶ መጨረሻ ላይ ይቀመጣል። ዓረፍተ ነገሩ ረጅም ከሆነ አድማጩ ማን ምን እንዳደረገ ሳያውቅ ትንፋሹን ውጦ ይጠብቃል። የክፍሌ አሜሪካዊ ይሄን ነገር እስከ ዛሬ ይራገማል። እኛ እኮ ዕድሜያችንን ሙሉ ግስ ስንጠብቅ ነው የኖርነው! አማርኛ ግሡን መቼ አስቀድሞ ያውቃል? በእንግሊዝኛ አስቦ የሚጽፍ ሐበሻ ግን ግሡን ከመሀል እየነቀለ ወደ ኋላ ሲያመላልስ ይውላል። ከአማርኛ ቢነሣ ግሡ ቦታው ላይ ነበር።

አንቱታም እንዲሁ ነው። ጀርመኖች “ዱ” እና “ዚ” አሏቸው፤ የአንተና የእርስዎ ነገር። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ማንን መቼ እንዴት እንደሚጠራ ሕጉን ይሸመድዳል። ሐበሻ ሽምደዳ አያስፈልገውም፤ ፕሮፌሰሯ በር ላይ ስትታይ ምላሱ ራሱ አንቱ ይላል። እኛን የምታስደነግጠን ስዊድን ናት። እዚያ በ1960ዎቹ መጨረሻ ገደማ አንቱታን ገሸሽ አድርገው፣ ከንጉሡ ቤተሰብ በቀር ለሐኪሙም ለሚኒስትሩም “አንተ” ማለት ጀመሩ። የስዊድንኛ መምህሬ ሽበታም አዛውንት ናቸው። በስማቸው ጠርቼ አንተ ስላቸው እስከ ዛሬ አንገቴን እሰብራለሁ። እሳቸው ደግሞ ይሄን ሲያዩ ይስቃሉ።

ሁሉም ነገር ከአማርኛ ይገጥማል እያልኩ አይደለም። ቁጥር ላይ ጀርመኖች ሃያ አንድን “አንድና ሃያ” ይላሉ፤ ስልክ ቁጥር በቃል ሲነገረኝ አሁንም እስክሪብቶዬ ይደናበራል። የዴንማርኮችን አቆጣጠር ግን ባላነሣው ይሻላል።

እንግሊዝኛው የሚያሳጣን ነገር ከሁሉ በላይ የገባኝ ሰፈሬ ያለው ዳቦ ቤት ነው። ሴሚናር ላይ ስለ ድምፅ ለውጥ እንማራለን። ከሺህ ዓመት በላይ በፊት በደቡቡ የጀርመን ምድር ፐ፣ ተ እና ከ ድምፆች ተለወጡ፤ ሰሜኑ ላይ ግን ባሉበት ቀሩ። ለዚህ ነው ውኃ በጀርመንኛ “ቫሰር” ሆኖ በደችና በእንግሊዝኛ በተ የቀረው። መምህሩ ካርታ ላይ መስመር አስምሮ ያሳያል፣ እኛ እንቀዳለን፣ እናዛጋለን። ዳቦ ሻጯ ታዲያ የድሮ በርሊናዊት ናቸው። “ኢሽ” (እኔ) ብለው አያውቁም፤ “ኢክ” ነው የሚሉት። “ቫስ” (ምን) የለም፤ “ቫት” ነው። ትንንሾቹን ዳቦዎች መጽሐፉ እንዳስተማረኝ “ብሮትሸን” ብዬ ስጠይቅ፣ ከረጢቱን እየከፈቱ ቀና ሳይሉ “ሽሪፐ” ብለው ያርሙኛል። ያ ካርታ ላይ ያለው መስመር እኚህ ሴትዮ አፍ ውስጥ ቁጭ ብሏል። መደበኛው ጀርመንኛ በርሊን ቢገባም የሰሜኑ ድምፅ ከሰፈሩ አልወጣም። ደግሞ ብንተባተብም ወደ እንግሊዝኛ የማይዞሩልን እሳቸው ብቻ ናቸው። ስላልቻሉ ይሁን ስላልፈለጉ አላውቅም። በጣትና በእንግሊዝኛ የሚያዝዘው ደንበኛ ዳቦውን ያገኛል፤ ይሄን ግን አይሰማም።

ከዳቦ ቤቱ በቀጥታ ቤተ መጻሕፍት ነው የምሄደው። የሁምቦልት ዩኒቨርሲቲው ትልቅ ቤተ መጻሕፍት የተሰየመው በያዕቆብና በቪልሄልም ግሪም ነው፤ በተረቶቹ ወንድማማቾች። እርከን እርከን እያለ የሚወርድ የንባብ አዳራሽ አለው። ለዕረፍት ስትወጡ የወጣችሁበትን ሰዓት የሚያሳይ ክብ ካርቶን ጠረጴዛው ላይ ትተዋላችሁ፤ መኪና ሲያቆሙ መስታወቱ ላይ የሚደረገው ዓይነት። ሰዓቱ ካለፈ ቦታው የሌላ ሰው ነው። የጀርመን ባህል የሚለውን ኮርስ በዚህ ካርቶን ብቻ ማስተማር ይቻል ነበር።

ወንድማማቾቹ በ1838 የጀርመንኛ መዝገበ ቃላት ጀመሩ። ቪልሄልም በ1859 ሲሞት “ዴ” ፊደልን ጨርሶ ነበር። ያዕቆብ በ1863 ሲሞት “ኤፍ” ላይ ነበር። ሥራው ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ቆይቶ የተጠናቀቀው በ1961 ነው። እዚህ ላይ ለሚከራከረኝ ሰው አንድ ነጥብ ልስጥ፦ ያዕቆብ ራሱ ብዙዎቹን የጀርመንኛ ቃላት የፈታው በላቲን ነው። በሌላ ቋንቋ በኩል መሄድ አዲስ ነገር አይደለም። የእኔ ጥያቄ በየትኛው በኩል ነው የሚል ነው።

እንግሊዝኛ ባይኖር ከሀገር መች ትወጡ ነበር የሚለኝም አለ። ልክ ነው። ዩኒቨርሲቲዎቻችን በእንግሊዝኛ ነው ያስተማሩን፤ እዚህም በእንግሊዝኛ የሚሰጥ ማስተርስ ሞልቷል። ደብዳቤው ግን በጀርመንኛ ነው። አድራሻ ባስመዘገባችሁ ብዙም ሳይቆይ የሬዲዮና ቴሌቪዥን ክፍያ ደብዳቤ ከች ይላል። ቴሌቪዥን የለኝም ብትሉ የሚሰማችሁ የለም፤ ለየቤቱ በወር 18.36 ዩሮ ነው። ከዚያ የጤና መድን፣ ከዚያ የመኖሪያ ፈቃድ። ባለ ማስተርሱ ጓደኛዬ ፖስታዎቹን ሳይከፍት ጠቅልሎ ወደ እኔ ያመጣል። ፍርድ ቤት በር ላይ እንደተቀመጠ ራፖር ጸሐፊ ሆኜልሃለሁ እለዋለሁ፤ ሒሳቤም ቡና ነው። በኮምፒውተር ሳይንስ የተመረቀ ሰው ነው። ቃለ መጠይቅ ሲደርስ ግን ከመጀመሪያዎቹ ጥያቄዎች አንዱ ጀርመንኛው ነው።

ሆላንድ ደግሞ ነገሩ የባለቤቶቹም ችግር ሆኗል። አምስተርዳም ያለው ፍሬየ ዩኒቨርሲቲ በ2019 የደች ቋንቋ የመጀመሪያ ዲግሪውን ለመዝጋት መወሰኑን አስታወቀ። ምክንያቱ የተማሪ ማነስ ነው። በራሱ ሀገር!

በእኛና በጀርመኖች መሀል እንግሊዝኛ ያልነበረበት ዘመንም ነበር። የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ በ1652 በመስፍን ኤርንስት ግብዣ ጀርመን ውስጥ ጎታ ከተማ መጥተው የኢትዮጵያን ቋንቋዎች ካጠናው ጀርመናዊ ሊቅ ከሂዮብ ሉዶልፍ ጋር ሠርተዋል። ሁለቱ በግዕዝ ደብዳቤ ይጻጻፉ ነበር። ሉዶልፍ አማርኛን ከእሳቸው ተምሮ በ1698 የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አሳተመ። ጀርመኖች የእኛን ቋንቋ በራሳቸው መንገድ ለመማር ያን ያህል ደከሙ። እኛ የእነሱን ለመማር ለንደን ዞረን ነው የምንመጣው።

በአማርኛ ተጽፎ እጄ የገባ የጀርመንኛ ሰዋስው ጥቂት ነው። አዲስ አበባ ያለው የጎተ ተቋም ከ1960ዎቹ ጀምሮ ጀርመንኛ ያስተምራል፤ እዚያ የተማረው፣ በደርግ ጊዜ ምሥራቅ ጀርመን የተማረው፣ አሁን እዚህ ያለነው ተደምረን ሰው አልጠፋም። የጠፋው ደብተሩን በአማርኛ የሚይዝ ነው። እኔ መጨረሻ ላይ ስለሚቀመጠው ግስ የጻፍኳትን የአማርኛ ማስታወሻ ለአዲስ መጪ ተማሪዎች መስጠት ጀምሬያለሁ። የአንቱታውም እየተጻፈ ነው። ደር፣ ዲ፣ ዳስ የሚባሉት የስም ጾታ መለያዎች ላይ ግን ቆሜያለሁ፤ ጠረጴዛው ለምን ወንድ፣ መብራቷ ለምን ሴት እንደሆነች የሚያስረዳ ካለ ይጻፍልኝ፣ በስሙ አስገባለታለሁ።