ለቅንብር መለማመጃ የሌላ ሰው ቀረጻ ወይስ የራስ? የሁለት የሐዋሳ ባለሙያዎች ክርክር

ሐዋሳ ውስጥ የቪዲዮ ቅንብር መማር የጀመረ ወጣት ሁሉ አንድ ቦታ ላይ ይቆማል፤ ሶፍትዌሩን ጭኗል፣ ትምህርቱን ተከታትሏል፣ የሚቆርጠውና የሚቀጥለው ቀረጻ ግን የለውም። የሌሎችን ጥሬ ቀረጻ ከኢንተርኔት ያውርድ ወይስ በስልኩ ራሱ ይቅረጽ? በዚህ ጥያቄ ላይ ፒያሳ አካባቢ በሚገኝ ስቱዲዮ የሰርግና የማስታወቂያ ቪዲዮ የሚያቀናብሩ ባለሙያ እና ለጀማሪዎች የቪዲዮ ሥራ የሚያስተምሩ አሰልጣኝ እንደሚከተለው ተከራክረዋል።

አቀናባሪው፦

ጀማሪ መለማመድ ያለበት ሌላ ሰው በቀረጸው ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቴም ሥራው ራሱ እንደዚያ ስለሆነ ነው። እኔ ጠረጴዛ ላይ የሚደርሰው ካሜራማኑ ያመጣው ሚሞሪ ካርድ ነው። ሙሽሮቹ ከቤት ሲወጡ ካሜራው ተንቀጥቅጦ ቢሆን፣ ሽማግሌው ሲመርቁ ማይክራፎኑ ሳይበራ ቀርቶ ቢሆን፣ ሙሽራዋን ተመልሰሽ ውጪ አልላትም፤ ባለው ነገር ሰርጉን ሰርግ አድርጌ ማውጣት አለብኝ። ይህ ችሎታ የሚገኘው የሰውን ቀረጻ በባዕድ ዓይን በማየት ነው። ራሱ የቀረጸ ሰው ታቦር ተራራ ወጥቶ የደከመበትን ሾት (ሳይቋረጥ የተቀረጸ አንድ ቁራጭ) መጣል አይሆንለትም፤ ተመልካቹ ግን ድካሙን አያይም፣ የሚያየው የሾቱን መርዘም ብቻ ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ከሩሲያ አብዮት በኋላ የሚቀረጽበት ባዶ ፊልም በጠፋበት ዘመን የፊልም ዳይሬክተሩ ሌቭ ኩሌሾቭና ተማሪዎቹ ቀደም ሲል የተቀረጹ ፊልሞችን ቆራርጠው እንደገና በማቀናበር ነበር የተማሩት። ኩሌሾቭ የአንድን ተዋናይ ያልተለወጠ ፊት አንዴ ከሾርባ ሳህን፣ አንዴ ከሬሳ ሣጥን አጠገብ አስቀምጦ ተመልካቹ በዚያው ፊት ላይ ረሃብንም ሐዘንንም እንደሚያነብ ያሳየው የተገኘውን ቀረጻ በመጠቀም ነው።

ዛሬ ደግሞ ምንጩ ሞልቷል። ብሌንደር የተባለውን ነጻ የ3ዲ ሶፍትዌር የሚደግፈው ብሌንደር ፋውንዴሽን እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣውን «ቲርስ ኦቭ ስቲል» የተባለ አጭር ፊልም፣ ተዋንያኑ በአምስተርዳም የተቀረጹበትን ጥሬ ቀረጻ ጭምር፣ ምንጩን እስከጠቀሰ ድረስ ማንም እንዲጠቀምበት ፈቅዷል። ዳቪንቺ ሪዞልቭ የተባለው የቅንብር ሶፍትዌር ባለቤት ብላክማጂክ ዲዛይንም ከነጻ ማስተማሪያ መጻሕፍቱ ጋር የመለማመጃ ፋይሎችን ይሰጣል። በአንጻሩ መንገድ ላይ ያገኙትን ሰው መቅረጽ ከሕግ ጋር ሊያጋጭ ይችላል፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰውን ምስል ያለፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትን፣ ማባዛትንና መሸጥን ይከለክላልና።

አሰልጣኟ፦

ወንድሜ የገለጹት የሠለጠነ አቀናባሪን ውሎ ነው፤ በዚያ ውሎ ላይ ልከራከርዎ አልችልም። የምንነጋገረው ግን ገና አንድ ሾት ከሌላው ጋር ለምን እንደማይገጥም ስለማያውቅ ልጅ ነው፤ ይህን ደግሞ የተጣራ ቀረጻ አያስተምረውም።

መጀመሪያ ስለ ማውረዱ እንነጋገር። በሴኮንድ 100 ሜጋቢት የሆነ የካሜራ ቀረጻ ለአንድ ደቂቃ ብቻ 750 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል፤ እርስዎ የጠቀሱት ፊልም ጥሬ ቀረጻ ደግሞ በ4ኬ (እጅግ ከፍተኛ) ጥራት ፍሬም በፍሬም፣ ማለትም እያንዳንዱ ምስል ለብቻው፣ የተቀመጠ በመሆኑ ከዚህም እጅግ ይከብዳል። በስልኩ የዳታ ጥቅል የሚገዛ ተማሪ ይህን ከየት አምጥቶ ይችለዋል? ስለዚህ በተግባር የሚያወርደው እንደ ፔክስልስ ካሉ ድረ ገጾች የሚገኙትን የጥቂት ሴኮንድ ክሊፖች ነው፤ ያማሩ ናቸው፣ ነገር ግን አብዛኞቹ ድምፅ የላቸውም፣ ስሕተት የላቸውም፣ የአንድ ድርጊት መጀመሪያና መጨረሻም የላቸውም። ልጁ ከሙዚቃ ጋር ይደረድራቸዋል፤ ድርደራውን ቅንብር ይመስለዋል። እኔን የሚያሳስበኝ ይኸው ነው።

ተማሪዎቼን በጠዋት በሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ ወደ አሞራ ገደል እልካለሁ። ዓሣ የሚያጸዳውን ሰው አስፈቅደው ከሩቅ ይቀርጹታል፤ ከዚያ ቀርበው እጁን፣ ቢላዋውን፣ ፊቱን፣ አንጀቱ እስኪጣልላቸው አጠገቡ ቆመው የሚጠብቁትን አባ ኮዳዎች ይቀርጻሉ። ኮምፒውተር ላይ ሲቀመጡ ችግሩ ይገለጣል፦ ከሩቁ ሾት ላይ ዓሣው፣ ቆሮሶው፣ ገና አልተሰነጠቀም፣ በቅርቡ ሾት ላይ ግን ተከፍቶ አልቋል። ሁለቱ ሲገጣጠሙ ዓይን ይዘላል። ልጁ ራሱ አስቦ መሐል ላይ አባ ኮዳውን ሲያስገባ ዝላዩ ይጠፋል፤ መሸፈኛ ሾት ለምን እንደሚያስፈልግ ከዚያ ቀን በኋላ አይረሳም። ድምፁም እንዲሁ ነው፤ ቢላዋው ቅርፊቱን ሲፍቅ የሚሰማው ድምፅ በየቁርጡ ከተቆራረጠበት፣ በማግስቱ ተመልሶ የሐይቁን ዳር ድምፅ ሳያቋርጥ ይቀዳል። የሌላ ሰው ቀረጻ ይህን የመመለስ ዕድል አይሰጠውም።

የስልክ ቀረጻ የራሱ በሽታዎች አሉት፤ እዚህ ተቀጥሮ የሚሠራ ልጅም የሚያክመው እነሱን ነው። አብዛኛው ስልክ ብርሃን ሲያንሰው የፍሬሙን ፍጥነት በራሱ ይለዋውጣል፤ በዚህም የተነሳ አንዳንድ የቅንብር ሶፍትዌር ላይ ድምፁ ቀስ በቀስ ከከንፈሩ ይርቃል። የሀገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ሸምበቆ መብራት በሴኮንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል፤ በሴኮንድ በ30 ፍሬም፣ በ1/60 ሹተር (እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበት የሴኮንድ ክፍልፋይ) የተቀረጸ አዳራሽም በጥቁር ሰንበሮች ይሞላል። ወደ 25 ፍሬምና 1/50 የሚቀይረው ያንን ሰንበር በገዛ ቀረጻው ላይ ያየ ልጅ ነው።

ስለ ሕጉ፣ አንቀጽ 27ን ጠቅሰው አንቀጽ 28ን ተዉት። ቀጥሎ ያለው ይህ አንቀጽ ለትምህርትና ለባህል ጉዳይ፣ እንዲሁም በአደባባይ ለተከናወነ ድርጊት ፈቃድ ላያስፈልግ እንደሚችል ይደነግጋል። ቢሆንም እኔ ተማሪዎቼን ሁልጊዜ አስፈቅዱ እላለሁ፤ የሰውየው ፊት የሰውየው ነው።

አቀናባሪው፦

አንቀጽ 28ን ማንሳትዎ ተገቢ ነው፤ የክሊፑን ድርደራ በተመለከተም ከእርስዎ ጋር ነኝ፣ እኔም ጥሬ ቀረጻ ያልሁት ያንን አልነበረም። አሞራ ገደል ላይ ግን ንግግር የለም። ሁለት ተዋንያን ፊት ለፊት ተቀምጠው አንዱን ትዕይንት ደጋግመው ሲጫወቱ፣ ከሦስተኛው ቀረጻ ዓረፍተ ነገሩን፣ ከአምስተኛው ዝምታውን መርጦ ማዋሐድ የሚለመደው በምንድን ነው? በአንድ ስልክ ብቻውን የሚሠራ ልጅ ይህን ሊቀርጽ አይችልም። ሸክሙንም በተመለከተ መፍትሔ አለው፤ አንድ ሰው ፈጣን ኢንተርኔት ካለበት ቦታ አውርዶ፣ ፕሮክሲ የሚባለውን ቀላል ቅጂ ካዘጋጀ በኋላ በኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ለሌሎች ማካፈል ይችላል። ፈቃዱ ነጻ እስከሆነ ድረስ እኔ ራሴ ለተማሪዎችዎ አዘጋጅቼ እሰጣለሁ።

አሰልጣኟ፦

ለንግግር ትዕይንት ሲባል ዲስኩን በደስታ እቀበላለሁ፤ ለዚያ ክፍል የሚተካው የለኝም። ነገር ግን ዓሣውን ቀርጾ፣ ቆርጦ፣ ድምፁን ሊያስተካክል ለሁለተኛ ጊዜ ወደ ሐይቁ ላልተመለሰ ተማሪ አልሰጠውም። ልጁ ለገዛ ሾቱ ስላለው፣ እርስዎ ስለሚፈሩት ፍቅር ደግሞ፣ ያኔ ሁለት ሁለት እየሆኑ ሚሞሪ ካርዳቸውን እንዲለዋወጡ አደርጋለሁ፤ ጓደኛው የደከመበትን ሾት ሳይሳሳ ይጥልለታል።

አቀናባሪው፦

ልውውጡን እደግፋለሁ። ቅደም ተከተሉን ግን አሁንም አልቀበልም፤ ዲስኩ በመጀመሪያው ሳምንት ይከፈትላቸው።