ስለ ሮክ ሆል ኦፍ ፌም ስንከራከር ቢያንስ ደንቡን እንወቅ

በየዓመቱ ፌብሩዋሪ ገደማ የሮክ ኤንድ ሮል ሆል ኦፍ ፌም፣ ማለትም የሙዚቃ ታላላቆች በክብር የሚገቡበት የአሜሪካ ተቋም፣ የዕጩዎቹን ስም ሲያወጣ ያው የተለመደ ጭቅጭቅ ይነሳል። አንዱ «ራፐር እዚህ ምን ይሠራል?» ይላል። ሌላው «የኛ ባንድ ያን ሁሉ ሚሊዮን አልበም ሸጦ እንዴት ይቀራል?» ብሎ ይፎክራል። ሦስተኛው «ሕዝብ መርጧል፣ አለቀ ደቀቀ» ይላል። እንዲህ ሲሰዳደቡ ይነጋል። ስድቡን እንኳን ለምጄዋለሁ። አንጀቴን የሚያሳርረኝ ሦስቱም ማን እንደሚመርጥ፣ በአንድ የድምፅ መስጫ ወረቀት ስንት ስም እንደሚሞላ፣ ድምፁ እንዴት እንደሚቆጠር ሳያውቁ መሰዳደባቸው ነው። ዋናው በደል ሌላ ቦታ ነው ያለው፤ እሱን የሚያነሳው ሰው የለም።

(ዓመቶቹን በሙሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

ከዕድሜው እንጀምር። አንድ ሙዚቀኛ ወይም ባንድ ለዕጩነት የሚበቃው የመጀመሪያ ሥራው ለገበያ ከወጣ 25 ዓመት ሲሞላው ነው። የመጀመሪያ ሥራ ሲባል ዝነኛ ያደረገው አልበም ማለት አይደለም፤ ማንም ዞር ብሎ ያላየው አንድ ነጠላ ሸክላም ይቆጠራል። ብዙ ሰው ሒሳቡን የሚያበላሸው እዚህ ላይ ነው። ከባንዱ ተለይቶ ለብቻው የሠራ ሰው ደግሞ ሁለተኛ ቆጠራ አለው። አሁን ምሳሌውን ተመልከቱ። ዲፕ ፐርፕል የመጀመሪያ ሥራው የወጣው በ1968 ነው፤ ከ1993 ጀምሮ ብቁ ነበር፤ የገባው በ2016። 23 ዓመት በር ላይ ቆሟል። ራሽ ከ1998፣ ኪስ ከ1999 ጀምሮ ብቁ ነበሩ፤ ራሽ በ2013፣ ኪስ በ2014 ገቡ። ስለዚህ «ገና ጊዜው ነው» እያላችሁ የምትከራከሩ ሰዎች፣ እባካችሁ መጀመሪያ 25 ደምሩና ከዚያ ተናገሩ።

ቀጥሎ በሩ። ሠላሳ ያህል ሰው ያለበት ዕጩ አቅራቢ ኮሚቴ በዝግ ይሰበሰባል። አባላቱ የየራሳቸውን ዕጩ ይዘው ይገባሉ፣ ይከራከራሉ፣ በመጨረሻ አሥራ አምስት ገደማ ስም ይቀራል። በ2021 ዝርዝሩ 16 ነበር፣ በ2025 ደግሞ 14። ይህ ዝርዝር ከአንድ ሺህ በላይ ለሆኑ መራጮች ይላካል፤ ሙዚቀኞች፣ የታሪክ ሰዎች፣ የሙዚቃ ኢንዱስትሪ ሰዎች። ከዚህ በፊት የገባ በሕይወት ያለ ሙዚቀኛ ሁሉ መራጭ ነው። እዚህ ላይ ቆም በሉ። የገባው ሰው የሚገባውን ይመርጣል። ቀድመው የገቡት በአብዛኛው ወንዶች ከሆኑ፣ በአብዛኛው ከአንድ ዘመንና ከአንድ ዓይነት ድምፅ የመጡ ከሆኑ፣ ወረቀቱ ላይም የሚያውቁትን፣ አብረው መድረክ የወጡትን ሰው ነው የሚሞሉት። ማንም ክፉ ሳያስብ የቀድሞው ሚዛን ራሱን እየደገመ ይሄዳል።

የአድናቂዎች ድምፅ የሚባለው ደግሞ አለ፤ ይሄኛው ነው ሰውን በጣም የሚያታልለው። ከ2012 ጀምሮ አድናቂ በኢንተርኔት ይመርጣል። ከፍተኛ ድምፅ ያገኙት ስሞች አንድ ወረቀት ላይ ይጻፉና ያ ወረቀት ከሺህ በላይ ከሆኑት ወረቀቶች ጋር እንደ አንድ ይቆጠራል። አንድ ብቻ። በ2020 ዴቭ ማቲውስ ባንድ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ድምፅ አግኝቶ አንደኛ ወጣ፤ ያን ዓመት አልገባም። ለመግባት እስከ 2024 ጠበቀ። በ2025 ፊሽ የተባለው ባንድ አንደኛ ወጣ፤ እሱም አልገባም። ያ ሁሉ አድናቂ በየቀኑ እየገባ ስልኩን ሲጫን የነበረው ለዚያች አንዲት ወረቀት ነው። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኸው ነው። አድናቂን «የናንተ ድምፅ ወሳኝ ነው» እያሉ መጥራት ከዚያም እንዲህ መቁጠር ነውር ነው፤ ነውር ስለሆነም ነው የምጮኸው።

አሁን ወደ ሒሳቡ። አንድ መራጭ ለብዙ ዓመታት ሲጽፍ የኖረው እስከ አምስት ስም ነው። የ2020ን ዝርዝር አውጡና እዩ፤ 16 ስም አለበት። ጁዳስ ፕሪስት፣ ሞተርሄድ፣ ኤምሲ5፣ ሳውንድጋርደን፣ ቲን ሊዚ፣ አምስቱም ጊታራቸው ከፍ ብሎ የሚጮህ ባንዶች፣ አንድ ወረቀት ላይ ተደርድረዋል። ከአምስቱ የገባ የለም። የገቡት ዴፔሽ ሞድ፣ ዱቢ ብራዘርስ፣ ዊትኒ ሂውስተን፣ ናይን ኢንች ኔይልስ፣ ኖቶሪየስ ቢአይጂ እና ቲ ሬክስ ናቸው። ሜታልና ከባድ ሮክ የሚወዱት መራጮች ድምፅ በአምስቱ መካከል ሳይከፋፈል አልቀረም፤ የተከፋፈለ ድምፅ ደግሞ ማንንም አያሻግርም። «ዊትኒ የኛን ቦታ ወሰደች» እያለ ለሳምንታት ሲያለቅስ የነበረው ሰው ይህን ቢያውቅ ንዴቱን ወደ ትክክለኛው ቦታ ይወስድ ነበር። ዝርዝሩን ያዘጋጀው ኮሚቴ ተመሳሳይ ባንዶችን ባንዴ ባይደረድር፣ በየዓመቱ አንድ ወይም ሁለት ቢያቀርብ ኖሮ እርስ በርሳቸው ባልተጠላለፉ። ይባስ ብሎ የድምፁ ቆጠራ አይታተምም። ማን ስንት አገኘ? ማን በስንት ድምፅ ቀረ? የሚነግረን የለም።

በፊት ለፊት ያልገባ ደግሞ በጓሮ በር ይገባል። የሙዚቃ ልቀት ሽልማት የሚባል አለ፣ የሙዚቃ ተፅዕኖ የሚባልም አለ። በእነዚህ የሚገቡትን ሺው መራጭ አያያቸውም፤ ጥቂት ሰዎች ተቀምጠው ይወስናሉ። ኤልኤል ኩል ጄይ ስድስት ጊዜ ታጭቶ ሳያልፍ ቀርቶ በ2021 በዚህ ገባ። ጁዳስ ፕሪስት በ2022፣ ቻካ ካን በ2023 እንዲሁ። የሺክ ባንድ 11 ጊዜ ታጭቶ አንድም ጊዜ አላለፈም፤ በ2017 ጊታሪስቱ ናይል ሮጀርስ ብቻውን ተሸለመ፣ ባንዱ ውጭ ቀረ። ክራፍትወርክን ደግሞ በ2021 «ቀደምት ተፅዕኖ» ብለው አስገቡት። ይህ ዘርፍ የተሠራው ከሮክ በፊት ለነበሩት፣ እንደ ሮበርት ጆንሰን ላሉት የብሉዝ አባቶች ነበር። በ1970 የተመሠረተ የኤሌክትሮኒክ ባንድ እንዴት ከሮክ በፊት ይሆናል? መግባታቸው ደስ ይለኛል፤ ሁሉም ይገባቸዋል። ግን መራጩ ጥሎት ኮሚቴው የሚያስገባው ከሆነ ምርጫው ምኑ ላይ ነው ያለው?

«ሮክ ነው አይደለም» የሚለውን እንካ ሰላንቲያ በአጭሩ ልዝጋው። የመጀመሪያዎቹ በ1986 ኒው ዮርክ ውስጥ ሲከበሩ ከኤልቪስ፣ ከቸክ ቤሪ እና ከሊትል ሪቻርድ ጎን ሬይ ቻርልስ፣ ጄምስ ብራውን እና ሳም ኩክ ነበሩ። ሶልም ጎስፔልም ከመጀመሪያዋ ሌሊት ጀምሮ ቤቱ ውስጥ ነበር። ግራንድማስተር ፍላሽ እና ፊዩሪየስ ፋይቭ በ2007 ገብተዋል፤ ራፕ ከገባ ቆየ። ቦብ ማርሌ በ1994 ሲገባ «ሬጌ ምን አገናኘው» ያለ ሰው እኛ ዘንድ አልነበረም፤ ዛሬም የለም። ለቦብ የምንፈቅደውን ለሌላው ስንነፍግ ትንሽ አይከብደንም?

ቦብን ካነሳሁ የቤታችንን ጉዳይ ልጨምር። ቦብ የገባው ብቻውን ነው። ፒተር ቶሽ እና ባኒ ዌይለር አብረውት አልገቡም። እነዚህ ሦስቱ ናቸው ድምፃቸውን አንድ ላይ ያሳደጉት፤ ሥራው ከ1960ዎቹ ጀምሮ የባንዳቸው የዌይለርስ ሥራ ነው። ቤቱ እንዲህ ዓይነት ስህተት ሠርቶ ማረሙን እናውቃለን። ስሞኪ ሮቢንሰንን በ1987 ያለ ሚራክልስ አስገብቶ ነበር፣ ጄምስ ብራውንን ያለ ፌመስ ፍሌምስ፣ በዲ ሆሊን ያለ ክሪኬትስ። በ2012 ልዩ ኮሚቴ ተቀምጦ ስድስት እንዲህ የተረሱ ባንዶችን ባንድ ጊዜ አስገባ። ዌይለርስ በዚያ ዝርዝር ውስጥ አልነበሩም። ባኒ ያኔ በሕይወት ነበር፤ የሞተው በ2021 ነው። ብሩስ ስፕሪንግስቲን በ1999 ሲገባም ኢ ስትሪት ባንድ ውጭ ቀርቶ ነበር። ባንዱ በ2014 ሲጠራ ኦርጋኒስቱ ዳኒ ፌዴሪቺና ሳክስፎኒስቱ ክላረንስ ክሌመንስ አልነበሩም፣ ሞተዋል።

እንግዲህ በደሉ ይኸው ነው፤ መዘግየት። ማን ቀረ እያልን የምንጨቃጨቀው ሁሉ አንድ ቀን ይታረም ይሆናል። የሞተን ሰው መድረክ ላይ ማውጣት ግን አይቻልም።

ሲስተር ሮዜታ ታርፕን እዩ። በ1964 ማንችስተር ውስጥ፣ አገልግሎት ያቆመ የባቡር ጣቢያ ላይ ለቴሌቪዥን የተቀረጸውን ፈልጋችሁ ተመልከቱት። ዝናብ ነው። ወጣቶቹ በአንደኛው የባቡር መድረክ ላይ ተቀምጠዋል፤ እሷ ከወዲያ ማዶ ባለው በረጠበው መድረክ ላይ ካፖርቷን እንደለበሰች ነጭ ጊብሰን ኤሌክትሪክ ጊታሯን ታነሳለች፣ ዝናቡን አይታ ስለ ዝናብ የሚናገረውን መዝሙር ትጀምራለች። መሐል ላይ ብቻዋን የምትመታውን ሶሎ ስሙ። ጣቶቿ ሕብረቁምፊውን ሲገፉት፣ ኖታውን አጥፋ ስትመልሰው፣ ኋላ «የሮክ ጊታር» የተባለው ነገር በሙሉ እዚያ አለ። ይህን የምታደርገው ደግሞ ከ1930ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሸክላ ታወጣ የነበረች ሴት ናት። በ1973 ሞተች። መቃብሯ ላይ ከ30 ዓመት በላይ ድንጋይ እንኳን አልነበረም። ሆል ኦፍ ፌም ያስገባት በ2018 ነው፤ 45 ዓመት ከሞተች በኋላ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ቢግ ማማ ቶርንተንም እንዲሁ። ኤልቪስን ካነገሡት ዘፈኖች አንዱን ከሱ ሦስት ዓመት ቀድማ በ1953 አውጥታዋለች። እሱ በ1986 በመጀመሪያው ዙር ገባ፤ በ1984 የሞተችው እሷ ግን በ2024። በ1986 ከተከበሩት ዘፋኞች መካከል አንዲትም ሴት አልነበረችም፤ አሬታ ፍራንክሊን በ1987 የመጀመሪያዋ ሆነች። ይህ በአጋጣሚ የሆነ የሚመስለው ካለ፣ ከመሥራቾቹ አንዱ ያን ዌነር በሴፕቴምበር 2023 ለኒው ዮርክ ታይምስ ስለ ሴቶችና ስለ ጥቁር ሙዚቀኞች የተናገረውን ያንብብ፤ ሐሳባቸውን በሚገባ መግለጽ አይችሉም የሚል ነበር። ቃለ ምልልሱ በወጣ ማግሥት ከቦርዱ ተባረረ። ግን ከሠላሳ ዓመት በላይ እዚያ ወንበር አካባቢ የነበረ ሰው ነው፤ በነዚያ ዓመታት የዘገዩትን ሰዎች የሱ መባረር አይመልሳቸውም።

ቸቢ ቼከር ዓለምን ትዊስት ካስጨፈረበት ከ1960 ጀምሮ ቁጠሩ። ያ ዘፈኑ በ1960ም በ1962ም በአሜሪካ አንደኛ ወጥቷል። አዳራሹ የተቀበለው በ2025፣ በ84 ዓመቱ ነው። እሱ እንኳን ዕድለኛ ነው፤ በዓይኑ አየው። በዚያው ዓመት የገባው ጆ ኮከር በ2014 ሞቷል፣ ዋረን ዚቮን በ2003።

ስለዚህ ክርክራችሁን እንዲህ አድርጉልኝ። አንድ ስም ስትደግፉ የመጀመሪያ ሥራው የወጣበትን ዓመት ጻፉ፣ 25 ደምሩ፣ ስንት ዓመት እንደዘገየ አውጡ። ስንት ጊዜ እንደታጨ ጨምሩበት። የቤቱ መመዘኛ ተፅዕኖ ነው፣ ስለዚህ የሽያጭ ቁጥሩን ተዉትና ከሱ የተማሩ ሦስት ባንዶችን ጥሩ፤ ምን እንደወሰዱም በግልጽ ተናገሩ፤ የጊታር አመታት ነው? የከበሮ ምት ነው? የድምፅ አወጣጥ ነው? ባንድ ከሆነ የትኞቹ አባላት መግባት እንዳለባቸው በስም ዘርዝሩ፤ ሞተርሄድ መጀመሪያ ሲታጭ ከሠላሳ ዓመት በላይ አብሮ የተጫወተው ፊል ካምቤል ተዘሎ በኋላ ነው የተጨመረው። ከዚያ በመጨረሻ አንድ ነገር ጻፉ፤ የተወለዱበትን ዓመት።

ይህን የምለው በኤምሲ5 ምክንያት ነው። ከዲትሮይት የመጡ አምስት ልጆች፣ ፓንክ የሚባለው ነገር ስም ሳይኖረው በፊት ፓንክን የተጫወቱ። ስድስት ጊዜ ታጩ፣ ስድስቱንም ጊዜ ወደቁ። ሮብ ታይነር በ1991 ሞተ፣ ፍሬድ ስሚዝ በ1994፣ ማይክል ዴቪስ በ2012። ዌይን ክሬመር በፌብሩዋሪ 2024 ሞተ። በኤፕሪል በሙዚቃ ልቀት ሽልማት እንደሚገቡ ተነገረ፤ በሕይወት የነበረው ድራመሩ ዴኒስ ቶምፕሰን ብቻ ነበር። ዴኒስ በሜይ ሞተ። በዓሉ የተደረገው በኦክቶበር 19 ነው።

የሚቀጥለው ዝርዝር ሲወጣ መጀመሪያ ዕድሜያቸውን እዩልኝ።