የፍሬን ዘይት ሁሉ አንድ አይደለም

«ሃይድሮሊክ ዲስክ ፍሬን ውስጥ የተገኘውን የፍሬን ዘይት መሙላት ይቻላል፤ የመኪናም ቢሆን ይሠራል» ላልከው እርማት አለኝ። ማውንቴን ባይኩን (የተራራ ብስክሌቱን) ራሱ የሚገጣጥም ሰው ይህን አምኖ ከሞላ ፍሬኑን ያበላሻል። ሲብስም ቁልቁለት ላይ ይከዳዋል።

ፍሬኖቹ የሚጠቀሙት ፈሳሽ ይለያያል። ከፍሬን አምራቾቹ ሺማኖና ማጉራ በሚኒራል ኦይል (በማዕድን ዘይት) ይሠራሉ፤ ሆፕ በዶት (DOT፣ በመኪና ፍሬን የተለመደው ፈሳሽ)። ስራም የተባለው አምራች ግን ሁለቱም አለው፦ «ኮድ» የተባለው ፍሬኑ ዶት ሲፈልግ «ማቨን» የተባለው በሚኒራል ኦይል ይሠራል። ስለዚህ የኩባንያውን ስም ማወቅ ብቻ አይበቃም። ፍሬኑ ላይ ወይም መመሪያው ላይ የተጻፈውን አንብብ።

ዋናው ጉዳይ ጎሚኒው ነው። ፈሳሹ እንዳይወጣ የሚያግደው የውስጥ ጎሚኒ የሚሠራው ለአንዱ ፈሳሽ ተብሎ ነው። የማይስማማው ሲገባበት ያብጣል። የፍሬን ሸራውን የሚገፋው ፒስተን ይይዛል፣ ሸራው ዲስኩን አልለቅ ይላል፣ ወይም ፈሳሹ ማንጠብጠብ ይጀምራል። ችግሩ በሞላህበት ቀን ላይታይ ይችላል፤ ብዙ ሰው የሚሸወደውም እዚህ ላይ ነው። ጎሚኒው አንዴ ካበጠ ደግሞ ማጠቡ አያድነውም፣ መቀየር አለበት።

«ዶት አይፈላም፣ ስለዚህ ይበልጣል» የሚባለውም ግማሽ እውነት ነው። ከዶት ዓይነቶች አንዱ የሆነው ዶት 5.1 አዲስ ሳለ የመፍያ ነጥቡ ቢያንስ 260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ግን እርጥበት ይስባል፤ ያኔ የመፍያ ነጥቡ ይወርዳል። የዶት 5.1 መስፈርት ራሱ እርጥበት ለያዘው የሚጠይቀው 180 ዲግሪ ብቻ ነው። ፈሳሹን በየጊዜው መቀየር የማይታክተው ሰው በዶት የሚሠራ ፍሬን ቢመርጥ ጥሩ ነው።

ዶት 5ን ግን ከ5.1 ጋር እንዳታምታታው። እሱ ሲሊኮን ነው፤ በ5.1 ምትክ አይገባም።