ወርቅ ፈላጊዎቻችንን ስለ ማመስገን

ባለፈው እሑድ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚወጣ ሚኒባስ ውስጥ፣ ሁለት ዓመት ስጠብቀው የኖርሁትን የፋንታሲ ልብ ወለድ ሁለተኛ ቅጽ ከፍቼ ሳነብ፣ አጠገቤ የተቀመጠ ወጣት ሽፋኑን አየት አድርጎ በሹክሹክታ «ጋሼ፣ ይህ ዘንዶ ማን ነው?» ሲል ጠየቀኝ። ዘንዶ ነው አልሁት። ፈገግ አለ፤ ዘንዶው የሚወክለውን ባለሥልጣን ስም ለመጥራት የፈራሁ መስሎታል።

እንዲህ ያሉትን ሊቃውንት አለማመስገን ነውር ነው። የቅኔ ተማሪ ሰሙን ከወርቁ ለመለየት ዓመታት ይደክማል፤ እነርሱ ግን መጽሐፉን መግለጥ እንኳ ሳያሻቸው ወርቁን ከሽፋኑ ላይ ያነሡታል። ትርጓሜያቸውም ደሴ እንዳለው የንጉሥ ሚካኤል አዳራሽ «አይጠየፍ» ነው፤ ማንም ይገባበታል።

የሐረጎን ዳገት ስንጀምር ዘንዶው የቀድሞ ባለሥልጣን ነበረ። መኪናው ጠመዝማዛውን ሲያያዘው ከኋላ የተቀመጡ አንድ አዛውንት ከክንፎቹ ስፋት ተነሥተው የውጭ መንግሥት መሆኑን አስረዱ። ረዳቱ ሒሳብ እየሰበሰበ «ሦስት ራስ ካለውማ ጥምር መንግሥት ነው» አለ። ያለው አንድ ራስ ብቻ ነው ብል፣ ሁለቱ ሆን ተብለው እንደ ተደበቁ ተነገረኝ። ደሴ ስንቃረብ የሚተፋው እሳት የኑሮ ውድነት ሆነ፤ በጅራቱ ላይ ግን ስምምነት ስላልተደረሰ ክርክሩ መናኸሪያ ወርደንም ቀጠለ። እኔ አንድ ገጽ አልገለጥሁም።

በመጀመሪያው ቅጽ የንጉሡን ጠጅ ትቀዳ የነበረችው ልጅ በሁለተኛው ዳኛ ሆናለች፤ ጓዳ ውስጥ አብራት ፍርፋሪ ትበላ የነበረችውን የጓደኛዋን የሞት ፍርድ ፊቷ አስቀምጣ፣ ሳትፈርም ሌሊቱን ታነጋለች። የመጽሐፉ ፖለቲካ ያለው እዚህ ነው። ይህንን በማግስቱ ፒያሳ ቡና ላይ ሳነሣ «እርሷማ እገሊት ናት» ብሎ የሚዘጋብኝ ሰው ያናድደኛል፤ ከልቤ ያናድደኛል! ልጅቱ ሌሊቱን ሙሉ የተሠቃየችው ለእርሱ ሐሜት ማሟያ ልትሆን አይደለም።

ይህ የሚሆነው ደግሞ ከ1870ው የቦሩ ሜዳ የሃይማኖት ጉባኤ በፊት ኢማም መሐመድ አሊ የነበሩት ሰው፣ ሚካኤል ተብለው በ1906 ዓ.ም. በነገሡባት ከተማ ነው። ደራሲ ፈጥሮ ቢጽፋቸው ኖሮ፣ ሊቃውንቱ «ሁለት ሰዎችን ለማለት ነው» ባሉን ነበር።

ሦስተኛውን ቅጽ በጋዜጣ ሸፍኜ ልሳፈር አስቤአለሁ፤ ጋዜጣው ማንን ለመደበቅ እንደ ሆነ መጠየቄ ግን አይቀርም።